ጭረቱ አይዋሽም

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔን ደስታ አላስቀምጥ ብሎኛል። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ ቀኝ እጄ በጀሶ ስለታሰረ በግራዬ ነው የምጽፈው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ አለዚያ እንደ ልማዴ እዘባርቃለሁ።

ዓርብ ጠዋት ወርቅ ገዢው ሱቅ ወለሉን ስወለውል አባትሽ ገባ። አዎ፣ አባትሽ። ጥሎን ወደ ቁፋሮው ከሄደ አራት ዓመቱ፤ እሱም ሰላም አላለኝ፣ እኔም መወልወያዬን አላቆምኩም። የጡጫ ያህል ድንጋይ ከጨርቅ ፈታ። ቢጫው ገና ከነጭ ድንጋይ ጋር እንደተጣበቀ ነው። ገዢውን ታውቂዋለሽ፣ ወርቁን ሁሉ እየነከሰ የሚፈትነው፣ «ጥርሶ» የምንለው። ይሄ ለጥርስ አይመችም ብሎ መዶሻ አነሳ። ወርቅ ሲመታ ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም፤ እሱስ ልክ ነው። ግን ነጩን ሳያላቅቅ በሙሉ ኃይሉ አወረደበት። ነጩ ቢጫውን ይዞ እንደ ብርጭቆ ተበተነ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ወርቅ መሳይ ድንጋይ ሸጦላቸው ጠፍቶ ነበርና መንደሩ ሁሉ ቂም ይዞ ነው የቆየው። ጥርሶ «ሌባው ይኸው» ከማለቱ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አባትሽ ላይ ሰፈሩበት። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ዱላ አይቼ አላውቅም። ጎኑን በአካፋ እጀታ ሲሉት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወልውዬው ገና ያልደረቀው ወለል ደም ሆነ። ሁለት ጥርሱ እግሬ ስር መጥተው ወደቁ። ይሄኔ ጥርሶ የአባትሽን ጭንቅላት ሊመታ መዶሻውን አነሳ።

ክንዴን ከመሃል አስገባሁ። ተሰበረ፣ ግን ያኔ ማን ልብ ብሎት። በግራዬ ባልዲውን ከነእድፉ አንስቼ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩለት፤ ደሙ እስከ ጣሪያ ተረጨ ብልሽ አላጋነንኩም። ወዲያው ድንጋይ ልትማሪ ስትሄጂ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ፤ ቀለሙ ያታልላል፣ ጭረቱ አይዋሽም ያልሽኝ። ከመታጠቢያው ግድግዳ የወደቀ ነጭ ሴራሚክ ነበር። ሻካራ ጀርባውን ገልብጬ ከቢጫው ስባሪ አንዷን አነሳሁ። ወርቅ መሳዩ ሲፈገፈግበት ጥቁር ጭረት ይጥላል፣ ወርቁ ቢጫ።

«ኑ፣ እዩ» አልኳቸው። «ጥቁር ከወጣ ሁለታችንንም ጨርሱን።»

ቢጫ ወጣ። የሚያብረቀርቅ ቢጫ። ጥርሶ አፍንጫውን እንደያዘ አጎንብሶ አየ፣ አየና መዶሻውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ልጄ፣ በሰርጌም ቀን እንዲያ አልኮራሁም።

አባትሽ ደም እየተፋ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ልጅህ» አልኩት።

አለቀሰ። ሲያለቅስ ጎኑን ያመዋል፣ ሲያመው ደግሞ ያለቅሳል፤ እኔ ሳቄ መጣ።

አሁን አልጋሽ ላይ ተኝቷል። ጎኑ እስኪጠገን ብቻ ነው፣ ቁርጡን ነግሬዋለሁ። ሽንኩርቱን እሱ ይከትፋል፣ ጫማውን እኔ በአንድ እጄ አስርለታለሁ። ከሁለታችን አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣል።

እንቅፋት አያግኝሽ፤ እጅሽ የነካው ድንጋይ ሁሉ የፈለግሽው ይሁንልሽ።

ሐኪሙ በስድስት ሳምንት ይድናል ብሎታል፤ እሱም ቀን መቁጠር ጀምሯል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ቃልሽን ይሰማል። ስድስት ሳምንት አይበቃም ብለሽ ጻፊለት።

እናትሽ