ሴት የማትወርድበት ወደብ

ግንቦት 11፣ ደ/ታቦር፣ ጠዋት

ዛሬም መብራት የለም። የጉና ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ካፖርቴን ደርቤ በሐይቁ ላይ ያለችውን ደሴት የልማት ሰነድ አነባለሁ። ኃላፊው እስከ ነገ ፈርመሽ አምጪ ብለዋል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ ካልፈረምኩ ሰነዱ ወደ ባ/ዳር አይሄድም።

ሐሳቡ አጭር ነው። ደንገሉ እንዲያገግም ነባሩ የጀልባ መውረጃ ይዘጋል። አዲስ ወደብ በምዕራብ በኩል፣ ውሃው ጥልቅ በሆነበት፣ ይሠራል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ነባሩ መውረጃ ጭቃ ብቻ ነው፤ ባለፈው ፋሲካ አንድ ጫማዬን እዚያው ጥዬ ተመልሻለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ልፈርም ነው።

ከሰዓት

አልፈረምኩም። ካርታውን እንደገና አየሁት። ምዕራቡ የድንበር ምልክት ከሆነው ዋርካ ወዲያ ነው። ከዋርካው ወዲያ ያለው ደግሞ የገዳሙ ነው፤ ሴት አትረግጠውም። ደብተሬ፣ እስቲ አስቢው። የደሴቲቱ ሴቶች በገዛ ደሴታቸው ከጀልባ መውረድ ሊያቅታቸው ነው። እዚያ የምትኖረው እኅቴ እቴነሽም ጭምር።

ይህን ካርታ ያዩት የመ/ቤቱ ሰዎች ሁሉ ወንዶች ናቸው። ክፋት የለበትም፤ አልታያቸውም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቶ ተናደድኩ።

ግንቦት 12

ለኃላፊው ነገርኳቸው። ነዋሪው ተሰብስቦ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል አሉ። የት ተሰበሰበ አልኩ። ገዳሙ ግቢ ውስጥ፣ ጥላው ስለሚመች አሉ። ታዲያ ሴቶቹ በየት በኩል ይምጡ? ካርታውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ነባሩ እንደሚዘጋስ ለወንዶቹ ተነግሯል? እሱን አላስታውስም አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። እኅቴ ነባሩ መውረጃ ላይ ዓሣ ጠብሳ እንደምትሸጥ አስታወሱኝ፣ በትሕትና። ሰው ለእኅቷ ብላ ነው ይላል አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይላል። ሰኔ ሲያልቅ ደግሞ በጀቱ ተመላሽ ይሆናል። ነገሩን ቦታው ድረስ ሄደን እንየው ተባለ። ምሳ አልበላሁም።

ግንቦት 13፣ ማታ

እቴነሽ ደወለች። ከጅዳ ተመልሳ ዓሣ አጥማጅ አግብታ ደሴቲቱ ላይ ከቀረች ወዲህ ድምፅዋ ወፍሯል። እርጉዝ ናት፣ መውለጃዋ ሰኔ ላይ ነው። አዲስ ወደብ ሊሠራ ነው ስላት እልል ልትል ደረሰች። ጎረቤቷን በምጥ ላይ ሳለች በቃሬዛ ሲያወጧት ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው ሰምጠው እንደነበር ነገረችኝ። «ፈርሚ እንጂ እኅቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!»

የት እንደሚሠራ ነገርኳት። ነባሩ እንደሚዘጋም። እሷም፦

«ጅዳ በር እየተቆለፈብኝ ኖርሁ። አሁን ደግሞ እናንተ በሐይቅ ልትቆልፉብኝ ነው?»

«እናንተ» ያለችው ቃል ከጆሮዬ አልወጣልኝም።

ግንቦት 17፣ ወረታ፣ ማታ

ደሴቲቱ ድረስ ሄደን መጣን። ጀልባው አዲሱ ቦታ ላይ ቆመ። ኃላፊው ወረዱ፣ መሐንዲሱ ወረደ፣ ሌሎቹም ወረዱ። እኔ ከባለ ጀልባው ጋር ቀረሁ። ስብሰባው ዳር ላይ ሆነ። ጥያቄ ሲኖራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጮኹልኛል፣ እኔም መልሼ እጮኻለሁ። ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል።

ፀሐዩ አናቴ ላይ። ሽንቴ ወጥሮኛል። አንዴ ጮኼ መቼ እንደምንሄድ ጠየቅሁ፤ አሁን እንጨርሳለን ተባልኩ። ባለ ጀልባው ወደ ሐይቁ ዞሮ ተቀመጠ፣ ጨዋ ሰው ነው።

አበምኔቱ መጡ። ከዳር ሆነው በመስቀላቸው ባረኩኝ። ሴት የማታልፈውን ድንበር ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ድንበሩን እኔ አላኖርሁትም፣ እኔ አላነሣውም። ደግሞስ ማን ወደብ ጠየቀ? እኛ የጠየቅነው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ነው።» ቁጣ የለባቸውም። ኃላፊው መሬት መሬት አዩ።

መሐንዲሱ ሰነዱን እንድፈርም ብሎ ውሃ ውስጥ ገብቶ አቀበለኝ። ቢሮ እፈርማለሁ አልኩ። ለባለ ጀልባው በእኅትህ ይዤሃለሁ፣ ወደ ነባሩ ውሰደኝ አልኩት። ጭቃውን እየሰመጥኩ ወጣሁ። እቴነሽ ሆዷን ይዛ ዳር ላይ ቆማ ነበር፣ ጎትታ አወጣችኝ። ምንም ሳልናገር ከደንገሉ ኋላ ሮጥኩ። ስመለስ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ። እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ግንቦት 18፣ ደ/ታቦር

ሁለቱንም አሰብኩት። ብፈርም ሴቶቹ መውረጃ ያጣሉ። ባልፈርም በጀቱ ይመለሳል፣ ጭቃው ለከርሞም አለ። ጭቃው የሚጎዳውም እነሱኑ ነው። ለእኅቷ ብላ የሚለውም አለ። ደክሞኛል። ብርዱ ደግሞ አልለቅ ብሏል።

ግንቦት 19፣ ጠዋት

ሰነዱ መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማዬ በላይ፣ ባለሙያዋ ቦታውን በአካል ተገኝታ አይታለች የሚል መስመር አለ። እስከ ዛሬ ሳላነብ የምፈርምበት መስመር።

ሰረዝኩት። ከሥሩ ጻፍኩ፦ ባለሙያዋ ሴት በመሆኗ ከጀልባ መውረድ አልቻለችም፤ ቦታውን ረግጣ አላየችም፤ ስለዚህ አትፈርምም። ነባሩ መውረጃ በጭቃው ላይ የእንጨት መረማመጃ እንዲሠራለት ሐሳብ ታቀርባለች። ስለ እኅቴ አንድም ቃል የለበትም።

ከሰዓት

ኃላፊው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። በጀቱ እንደሚመለስ ታውቂያለሽ አሉ። አዎ አልኩ። ባለቤታቸው ለንግሥ ወደ ደሴቲቱ ትሄድ እንደነበር ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እሺም እንቢም አላሉም።

ዘንድሮ መረማመጃ የለም። ሰኔ ላይ እቴነሽ ለመውለድ በዚያው ጭቃ ነው የምትወጣው። ግን ትወጣለች። ወጥታም ልጇን ይዛ ትመለሳለች።

ከገበያ ሁለት ጥንድ የጭቃ ቦቲ ጫማ ገዛሁ። አንዱ የእሷ ነው። ፈቃድ ጠይቄ እሄዳለሁ፣ ቃሬዛውን እኔም እሸከማለሁ።