ሳይቀደድ የተፋቀ

ውድ ናሁሰናይ፣

እናትህ ባለፈው ሐሙስ እቤታችን መጥተው ነበር። ምናልባት አልነገሩህም። እኔ ግን ሁሉንም እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንተ ዝም ያልክበት ነገር ያለቀው በዚያ ቀን ነው። ስልኩ ስለማይሠራ በወረቀት ጻፍኩልህ። ነገራችን የተበላሸውም በወረቀት ላይ ስለሆነ፣ በወረቀት ቢያልቅ ደስ ይለኛል።

ያን ወረቀት ታስታውሰዋለህ። አጎትህ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው የጻፉት የሰርጋችን ጥሪ ረቂቅ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ወስደን ልናሳትመው የነበረው። ካንተ ስም ቀጥሎ «እንቁ አዛናው» ይላል። አባቴ ቆዳ ፋቂ መሆናቸው ቡሬ በተሰማ ሳምንት ወረቀቱ ወደ እኔ ተመለሰ፤ ስሜ በምላጭ ተፍቆ። ሌላ ቃል አልነበረበትም። ስሜ የነበረበት ቦታ ሳስቶ፣ ጠርዙ ተቀዶ፣ ወደ መስኮቱ ሳነሣው ብርሃን ያሳልፍ ነበር። አንተ አልመጣህም። አልደወልክም።

ያን ቀን አለቀስኩ። አሁን ሥራውን ስለማውቀው ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ አጎትህ መጥፎ ፋቂ ናቸው። ጥሩ ፋቂ ስቡንና ሥጋውን ያነሣል እንጂ ቆዳውን አይነካም። እርሳቸው ስሜን ለማንሣት ወረቀቱን ቀደዱት።

የራሴንም ልናዘዝ። ስሜን መጀመሪያ የፋቅሁት እኔው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «የአባት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «ገበሬ» ብዬ ሞላሁ። ላንተም እንደዚያው ነገርኩህ። አባቴ በእርግጥ ያርሳሉ፤ ጥማድ በሬ አላቸው። ማንኩሳ ውስጥ ሰው የሚያውቃቸው ግን በቆዳ ሥራቸው ነው። ቡሬ፣ እናንተ ቤት መጀመሪያ የመጣሁ ቀን፣ እናትህ ጥጥ የሚነድፉበትን ደጋን ከግድግዳው አውርደው አሳዩኝ። አባትህ ከወይራ ጠርበው የሠሩላቸው፣ ጫፉ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰች ትንሽ መስቀል ያለችበት። እጀታው ላይ የተጠቀለለው ቆዳ መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር። «ይሄ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ነው፤ ጥላ ውስጥ ቢደርቅ ኖሮ ዕድሜዎን ሙሉ ያገለግልዎ ነበር» ልል አፌ ላይ ደረሰና ዋጥኩት። ስለ ቆዳ የማታውቅ ልጅ ለመምሰል። ያንተን ዝምታ ስረግም የኔንም እንደማልረሳው እወቅ።

ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ በኋላ ኬሚስትሪ የማስተምራቸው ልጆች ተበተኑ፤ እኔም ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ከጎናቸው ቁጭ ብዬ መፋቂያውን ሳነሣ ከእጄ ነጠቁኝ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

«ለዚህም ነው፣ አባባ። እንቧይ ፀጉሩን ለምን እንደሚያስለቅቅ አንቱ በእጅዎ ያውቁታል፤ እኔ ደግሞ በትምህርት።»

«እንግዲያ እስቲ በትምህርትሽ ፋቂልኝ!» ብለው መፋቂያውን መለሱልኝና ሳቁብኝ።

ቢስቁም አይፈረድባቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌጦዎች ቀዳድጃቸዋለሁ። አራተኛውን አባቴ ወደ ብርሃን አንሥተው ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ አጣጥፈውም ከራሳቸው ሥራ ጋር ደረደሩት። ዲግሪዬን የተቀበልኩ ቀን እንኳ እንዲያ አልኮራሁም።

ኅዳር ላይ ነው እህተ ማርያም የመጣችው፤ ከቡሬ በርበሬ እያመጣች ማንኩሳ ገበያ የምትሸጠው ሴት። በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«አንዲት እናት ናቸው የላኩት» አለች። «እጀታው አልቆባቸው መዳፋቸው ቆስሏል። ጨርቅ ቢሞክሩ፣ ጎማ ቢሞክሩ ይንሸራተታል። ስማቸውን ግን እንዳልናገር ተብያለሁ።»

ነጠላውን ስፈታው ደጋኑ ጫፍ ላይ የተተኮሰችው መስቀል ታየችኝ።

«ስማቸውን መች ጠየቅሁሽ» አልኳት።

አባቴ ፊቴን አይተው የማን እንደሆነ ገባቸው። «መልሺላቸው፣ ልጄ። ነገር አንፈልግም» አሉ።

«ነገር አላነሣም። ሥራ ግን አልመልስም።» ወደ እህተ ማርያም ዞርኩ። «የደጋኑ ባለቤት ራሳቸው ይምጡ በያቸው። ቆዳው የሚጠቀለለው እርጥቡን ነው። ሲደርቅ የጨበጠውን እጅ ቅርጽ ይይዛል። በኔ እጅ ከደረቀ ለኔ ነው የሚመቸው። እሳቸው ጨብጠውት እዚሁ ይድረቅ።»

«እሳቸው? እዚህ? እናንተ ቤት ቁጭ ብለው?» ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ የሆድሽን በቆዳ ጠቅልለሽ ነገርሽኝ!»

«ሁለቱም እውነት ነው» አልኳት። እውነትም ነው። ግን አልዋሽህም፤ ይህን ሁሉንም ሰው አንጠይቅም።

ሥራውን ጀመርኩ። የወጠጤ ሌጦ መርጬ ጥላ ውስጥ ወጠርኩት። በእንቧይ ጭማቂ ዘፈዘፍኩት፤ ፀጉሩ ሲለቅ አነሣሁና በመፋቂያ ሥጋውን ገፈፍኩ። በሆድ በኩል ያለው ቆዳ ስለሚለጠጥ ተውኩት፤ ጥብጣቡን ከጀርባው ቆረጥኩ። ከዚያ ጠበቅሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም። አባቴ ደጋኑን ባዩ ቁጥር በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እኔ ግን ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሜን በምላጭ ያስፋቀው ቤት፣ ስሜን በአፉ ሲጠራ መስማት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማን። እናትህ ነበሩ፤ አጥሩ ጋ ቆመዋል።

«ይግቡ እንጂ፣ ይግቡ» አሉ አባቴ ብድግ ብለው።

«እዚሁ ደጁ ላይ አይሆንም?»

«ደጁ ፀሐይ ነው፣ እትዬ በለጠች» አልኳቸው። «ፀሐይ ምን እንደሚያደርገው የድሮውን እጀታ አይተውታል።»

ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ። እኔን ሳያዩ «ሠራተኛዋ የታለች?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ።»

«አዎን» አሉ።

ጥብጣቡን እንደገና በውኃ አርሼ እየሳብኩ ጠቀለልኩና ደጋኑን በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው። መዳፋቸው ላይ ውኃ ቋጥሮ የፈነዳ ቁስል ነበር። «ጥጥ እንደሚነድፉ አድርገው ይጨብጡት። እንደ ዱላ አይደለም።»

«ኧረ ምን ያህል ይቀዘቅዛል!»

«ከእጅዎ ሙቀት ይወስዳል።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምቀመጠው?»

«እስኪይዝ።»

አባቴ ዝምታ አይችሉም። «ጥጡ ብዙ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እናትህ ዓይናቸውን ከደጋኑ ሳያነሡ «ለጋቢ ነው። ልጁ ለዳግማይ ትንሣኤ ያገባል» አሉ።

የጥብጣቡን ጫፍ በጅማት እየቋጠርኩ ነበር። እጄ ቆመ። ናሁሰናይ፣ ቋጠሮውን አላልቼ ብተወው እዚያው ቢታይ ጥሩ ሥራ ይመስላል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ይፈታል። ማንም ተንኮል ነው አይልም፤ ቆዳው ነው ይላሉ። ጋቢህም ሳያልቅ ይቀራል። ይህን ሁሉ አሰብኩት። ከዚያ ያ የተቀደደ ወረቀት ትዝ አለኝ። ጅማቱን በጥርሴ ይዤ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት።

ከቆይታ በኋላ እናትህ «ውኃ አላችሁ?» አሉ።

አባቴ ደነገጡ። ከእናንተ ቤት የመጣ ሰው በኛ ዋንጫ ጠጥቶ አያውቅማ። ቀዳሁላቸው፤ በቀኝ እጃቸው ተቀብለው ጨረሱት። አባቴም ደፈር ብለው «ጠላም አለ፣ ከፈለጉ» አሉ።

«እጄን አስራችሁ ልታሰክሩኝ ነው?» አሉ እናትህ። ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ ሳልፈልግ።

ቆዳው ሲይዝ እጃቸውን ከፈቱ። የጣቶቻቸው ቦታ እጀታው ላይ ቀርቷል። ጥቂት የተልባ ቅባት አጠጣሁት። መልሰው ጨበጡትና አውታሩን አንድ ጊዜ መቱት፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እንቁ» አሉ።

የጠበቅሁት ይሄው ነበር። እሳቸው ግን አላቆሙም። «እንቁ፣ ተሳስተን ቢሆንስ? የልጁም ልብ አሁንም አንቺው ጋ ነው። እንደገና ሽማግሌ ብልክስ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለልጅዎ የታጨች ሌላ ልጅ አለች፣ እትዬ። ጥጡን ለሷ ሰርግ ይንደፉት። ሽማግሌም አይላኩ፤ እኔ የማገባው ሽማግሌ ሳይጠብቅ ራሱ የሚመጣውን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ይህን ማን ሠራው ብሎ ሰው ከጠየቀዎ ይንገሩ።»

«ምን ብዬ?»

«የአዛናው ልጅ እንቁ፣ ፋቂዋ ይበሉ።»

«ስድብ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«በእናንተ አፍ ስድብ ነበር። በኔ አፍ ሥራዬ ነው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እሺ አላሉም፤ እምቢም አላሉም። ይናገራሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

ትናንት እህተ ማርያም ሦስት ደጋን ተሸክማ መጣች፤ ሁሉም ከቡሬ። አስቀምጣቸው ሳትጨርስ የባለቤቶቹን ስም ቆጠረችልኝ፤ የዚህኛው የምሕረት እናት፣ ያኛው የባምላኩ ሚስት እያለች። «መቼ እንምጣ ብለዋል» አለችኝ። «እትዬ በለጠች ለቅሶ ቤት ላይ እጀታውን እያዞሩ ሲያሳዩ ነበር። ማን እንደሠራውም በሙሉ ስምሽ ተናገሩ፤ ያንንም ቃል ጨምረው! አጎትየው መሪጌታ ሳይቀሩ ሰምተዋል።» አባቴ ይህን ሰምተው ወጡ። በኋላ ሳይ ከኔ መቀመጫ ጎን ለእንግዶቹ የሚሆን አዲስ መደብ እየሠሩ ነው።

ያን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ቀዳዳውን ከኋላው ከዚያው ሌጦ በተረፈ ቁራጭ ለጥፌዋለሁ። ወደ ብርሃን አንሣውና እየው፤ መጣፊያው ከወረቀቱ ይሳሳል፣ ግን የትም አልተቀደደም። ስሜን መልሼ አልጻፍኩበትም። ቡሬ እየጠራው ነውና እዚያ ላይ አያስፈልገኝም።

ጋቢህን በደስታ ልበሰው። በልጅቷ ላይ ግን ዝም አትበልባት።

እንቁ አዛናው
የኬሚስትሪ መምህርትና ቆዳ ፋቂ
ማንኩሳ፣ ታኅሣሥ