ሦስት ፕሮፎርማ ላልተገኘለት ነፃ ሶፍትዌር

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል፣
የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ኮሚቴዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን፣ ከጤናዎም ቀጥሎ የቢሮዎን ኢንተርኔት አምላክ ይጠብቅልዎ። እኔ ከድካም በቀር ደኅና ነኝ።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ገበሬው ለማዳበሪያ ሲመዘገብ በስልኩ ላይ ምን እንደሚያይና የቱን እንደሚጫን መንደፍ ነው። ለዚህም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ የዲዛይን ሶፍትዌር መርጬ ባመለክት፣ ዋጋ የሌለው ነገር ሦስት ፕሮፎርማ ሊቀርብለት ስለማይችል ውድቅ መሆኑን በቃለ ጉባኤ ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከምስጋናው ጋር ጥቂት ቅሬታ ባቀርብ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

፩. በምትኩ የገዙልኝ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ሥራዬን የማስሞክረው ደግሞ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ገበያ ላይ፣ ኔትወርክ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

፪. ቢቸግረኝ ገጾቹን በካርቶን ላይ ስዬ ገበያ ወጣሁ። ጋሼ ባምላኩ የሚባሉ አዛውንት «መዝግብ» የሚለውን ትተው ከበላዩ ያለውን «ሰርዝ» በጣታቸው ነኩ። ምነው ብላቸው፣ «ፊደል አልቆጠርሁ፤ ከላይ ያለው ይቀድማል ብዬ ነዋ፣ ልጄ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አቀማመጡን ስነድፍ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወዲያው አስተካክዬ ካርቶኑን ባቀርብልዎ፣ በተገዛው ሶፍትዌር ያልተሠራ ነገር መሥሪያ ቤቱን ያዋርዳል ብለው መለሱት። በቢሮዎ ኢንተርኔት በተገዛው ሶፍትዌር የሠራሁት የቀድሞው ገጽ፣ ስሕተቱ እንዳለ፣ ለገበሬው ተለቀቀ። ጋሼ ባምላኩም ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ወጥተው፣ የልጃቸውን ስልክ ይዘው የላይኛውን ተጫኑ፤ የማዳበሪያ ተራቸውም ተሰረዘ። ኧረ ለመሆኑ፣ ሰኔ ሲገባ መሬቱ ቃለ ጉባኤ ይበላል? ፊታቸውን ለማየት አፍሬያለሁ።

፫. ሦስተኛውን ለመጻፍ አቅም አጣሁ። ኮሚቴው እንደ ልማዱ ተሰብስቦ ይሙላው።

ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ስብሰባዎ አይጓደል እያልኩ፣ የማይከፈት ሶፍትዌር ባለቤት ስላደረጉኝ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ያይኔአበባ፣ የመተግበሪያ ዲዛይነር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ አባትዎን ሊያስመዘግቡ ስልክዎን ይዘው ወደ ሥራ ክፍሌ ሲመጡ፣ ፊደል የቆጠሩት እርስዎም ጣትዎ ወደ ላይኛው ሄዶ ነበር። የከለከልኩዎ እኔ ነኝ። አባትዎ ተመዝግበዋል። ጋሼ ባምላኩ አልተመዘገቡም።