ቀስቷ ቀይ ላይ ናት

ማክሰኞ

እኔ ሐያት፣ አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ እናዘዛለሁ፦ አያቴ አባባ ከትናንት ጀምሮ ቤቱን እየገለበጡ የሚፈልጉት ካቻቢቴ ያለው ፍራሼ ሥር ነው። እማ ተጠርጥራለች። ዶሮዎቹም ተጠርጥረዋል። እኔን ግን ማንም አልጠረጠረኝም። እንደ አባባ እምነት ሴት ልጅ ብሎን መፍታት አትችልም። ይህ እምነታቸው ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል።

የሰረቅኩት ለጂፓችን ስል ነው። እሑድ ከቴፒ አንድ ባለ ሆቴል መጥቶ ሊወስዳት ነው። ሊነዳት ቢሆን እሺ። ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ኮፈኗን ከፍቶ፣ አበባ ሊተክልባት ነው። ያገናኘው አጎቴ ነስሩ ነው። ትናንት እራት ላይ አባባ "ይውሰዳት። እሷም ሞቀች፣ እኔም አረጀሁ" አሉና ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳይጎርሱ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክረምት ወዲህ የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው የጌጅ ቀስት ትንሽ መንገድ እንደሄድን ቀይ ላይ ትወጣለች። ቀይ ከነካች አባባ የትም ይሁኑ የት ያቆማሉ። ሸዋ ቤንች ወዳለው ቡናችን ስንሄድ የሚያቆሙት ድልድዩ ጋ ካለችው ዋንዛ ሥር ነው። ኮፈን ይከፈታል። እኛ ወርደን ሞተሩ እስኪበርድ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም ብለን እንቀመጣለን። የዚያ ሰፈር ልጆች ዛፏን "የአባባ ሙክታር ፌርማታ" ብለው ሰየሟት። አባባ ሰሙ። አልሳቁም። ከዚያ በኋላ መሄዱንም ተዉት። አሁን ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚ ገብቷል፣ ባለቤቱ ቤት ተቀምጠዋል።

ቤት ሲቀመጡ ምን ይሠራሉ?
ሰው ውስጥ እያለ መብራት ያጠፋሉ።
እማ ሽንኩርት ስትከትፍ ቆመው "ወፍራም ነው" ይላሉ።
"ስልክ ዓይንሽን ይበላዋል" ይሉኛል፤ ወዲያው ደግሞ "እስቲ ያንን የግመል ቪዲዮ ክፈቺልኝ።"

አባባ ወደ ቡናቸው መመለስ አለባቸው። ለእሳቸው ብዬ ነው። እሺ፣ ለእኛም ብዬ ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ጋሽ ጳውሎስ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ምንም ጠይቋቸው፣ መልሱ "ወደ ማጂ ስንወጣ" ብሎ ይጀምራል። የጥርስ ሕመምም ቢሆን።

"ወደ ማጂ ስንወጣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን ነበር" አሉና ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጠፉ። ሞተሩ አልተነሳም ነበር። "ቴርሞስታቱ ነው። አውጥቶ መጣል ነው።"

አባባ "ባለፈው ራዲያተሩ ነው ብለኸኝ አሳጠብኩ፤ ከዚያ በፊት ቀበቶው ነው ብለኸኝ ቀየርኩ። አሁን ደግሞ ይህን ልጣል? ቀስ በቀስ መሪው ብቻ ሊቀረኝ ነው" አሉ።

"መሪው ደህና ነው" አሉ ጋሽ ጳውሎስ፣ ከልባቸው።

እኔ መሃል ገባሁ። "አባባ፣ ሲያቆሙ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ጨሶስ ያውቃል?"

"አያውቅም። ቀድሜ ስለማቆም ነዋ።"

እዚህ ላይ ምን ይባላል? ዝናብ ዘንቦብኝ አያውቅም፣ ቀድሜ ቤት ስለምገባ እንደማለት ነው። ግን ሐሳቧ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ስኒ ውሃ ያልጠጣ ሞተር በእርግጥ ሞቆ ነው?

ሲመሽ ነስሩ ከሱቅ ገባ። አባባ ወደ ግድግዳው ዞረው "ለዚያ ሰውዬ እራቱ ቀርቧል በይው" አሉኝ። ያ ሰውዬ አጠገቤ ቆሟል። ጂፗ በመንገድ ላይ ቤንዚን አልቆባት ከቆመችበት ቀን ጀምሮ የልጃቸውን ስም አልጠሩም። ያን ዕለት የቤንዚኑ ጌጅ ከግማሽ በላይ እያሳየ ነበር ጋኑ ሳያፈስ ያለቀው። የመኪናውን ቁልፍ ደግሞ ከሚስማሩ የሚያነሱት እሳቸውና ነስሩ ብቻ ናቸው። አባባ ሰው ፊት "ቀድተህ ሸጥከው" አሉት። ነስሩ በማግስቱ ለጂፗ ገዢ መፈለግ ጀመረ።

ሐሙስ

ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። እግሬ ብቻውን ይነዳል። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሽንት ቤት የያዘኝ መስሏት እጇን አውጥታ አስፈቀደችልኝ።

አባባ ለዐስር ሶላት እንደወጡ ጂፗ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ የቡና እንጨት ቆርጬ የቤንዚኑ ጋን ውስጥ ነከርኩ። እርጥበቱ ታች ጫፉን ብቻ ነካ፤ በጣም ትንሽ ነው ያለው። ቁልፉን አዙሬ ክሩስኮቱን፣ ጌጆቹ የተደረደሩበትን፣ አየሁ። የቤንዚኑ ቀስት እያዘገመች፣ እያዘገመች ግማሽ አካባቢ ደርሳ ተቀመጠች።

ውሸታም!

ለካ የሙቀቷ ቀስት ብቻ አይደለችም። ሁለቱም ካለው አብልጠው ነው የሚናገሩት። ሁለት ውሸታሞች አንድ ዓይነት ውሸት ከዋሹ ያስተማራቸው አንድ ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ ስኳር የበላን ቀን እማ የደረሰችብን በዚሁ ዘዴ ነበር።

ካቻቢቴዬን አወጣሁ። (የአባባን።) ጌጆቹ ያሉበትን ቆርቆሮ ፈትቼ ወደ ኋላው ሳይ የሁለቱም ሽቦ አንዲት ክብሪት የምታክል ሣጥን ላይ ይገናኛል። ሣጥኗ በአንድ ብሎን ከመኪናው ብረት ጋር ታስራለች። ከላይ እስከ ታች ደግሞ አረንጓዴ ናት።

ስለ አረንጓዴው። እዚህ ሚዛን ከተማ ዝናቡ ብረት ይበላል። ስለዚህ አባባ ክረምት ሊገባ ሲል የቀለም ቆርቆሮ ከፍተው ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ ይቀባሉ። በሩ፣ መስኮቱ፣ አግዳሚው፣ የውሃ በርሜሉ፣ ጂፗ፣ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ነው። አንዷ ዶሮ ቀርባ ስታይ ጅራቷ ተነክቶ ዓመቱን ሙሉ እንደ በቀቀን ዞራለች። ዘንድሮ ደግሞ "ዝገት የሚጀምረው ሰው ከማያየው ቦታ ነው" ብለው ክሩስኮቱን ፈታተው ውስጡን ሳይቀር ቀቡት። ቀስቷ ቀይ መውጣት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ደስ አለኝ፣ ፈራሁ፣ ደስ አለኝ። መልሼ ስገጥም አንድ ብሎን ተረፈ። ኪሴ ውስጥ ነው።

ዓርብ

የሣጥኗን ፎቶ ይዤ ጋራዥ ያለው ማስተር ጋ ሄድኩ። ከመኪና ሥር ሳይወጣ እጁን ብቻ ዘርግቶ ስልኬን ተቀበለኝ።

"ለሁለቱም ጌጅ ከረንት መጥና የምትሰጥ ናት" አለ። "ማሳ ካላገኘች መመጠን ትተዋለች። ያኔ ሁለቱም ቀስት ከፍ ከፍ ይላል። ሞተሩ ምንም አልሆነም።"

ማሳ የሚለው የቡናውን አይደለም። በመካኒክ ቋንቋ የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ከረንቱ የሚመለስበት። የአባባ ቀለም ሣጥኗንና ብረቱን ለያይቷቸዋል ማለት ነው።

"ምን ላድርግ?"

"ባትሪውን ንቀይ፣ ቀለሙን ፋቂ፣ ብረት በብረት እሰሪ። ማን ነው ግን እዚያ ውስጥ ቀለም የቀባው?"

"አላውቅም" አልኩ። ቤተሰብ ቤተሰብ ነው።

ነስሩን ሱቁ ውስጥ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ቤንዚኑን ማንም አልነካውም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም አልኩት። የሚዘል መስሎኝ ነበር። ሲጠግነው የነበረውን ስልክ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ይንገሯቸዋ" አልኩ። ደንግጬ አንቱ አልኩት።

"እኔ ከነገርኳቸው ራሴን ለማውጣት የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። ሰው ፊት ነው ሌባ ያሉኝ፣ ሐያት። መኪናዋን ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ነው የሚመጣብኝ። ትሂድ።"

"አበባ ይተከልባት?"

"ምን ዓይነት አበባ እንደሆነ ጠይቄልሻለሁ። ቀይ ነው።"

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አላሳቀኝም።

ቅዳሜ

ፋቅኩት። በእማ የጥፍር ሞረድ። (ይህም ይመዝገብ።) አባባ ከጋሽ ጳውሎስ ጋር ገበያ ሲወርዱ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ሣጥኗን ፈታሁ፣ ሥሯ ያለው ብረት ነጭ ብሎ እስኪያበራ ድረስ ሞረድኩ። ጥፍሬ አረንጓዴ ሆነ። ሣጥኗን አስሬ፣ ባትሪውን መልሼ፣ ቁልፉን አዞርኩ። የቤንዚኑ ቀስት ትንሽ ተነቃንቃ ታች ቀረች፤ ልክ እንጨቱ እንዳሳየኝ። አጨበጨብኩ። ለብቻዬ።

ከዚያ ነው የገባኝ።

ቀስቷ እስከ ትናንት ግማሽ ነበረች። ዛሬ ታች ናት። አባባ ነገ ሲያይዋት ምን ይላሉ? "ያ ሰውዬ ደግሞ ቀዳው።" ከመሸጡ በፊት የመጨረሻዋን ጠብታ ሰረቀ ነው የሚሉት። ነስሩን ነጻ ላወጣው ብዬ በገዛ እጄ ሁለተኛ ሌባ አደረግኩት።

ሣጥኗን መልሼ ልፍታት? ፈታሁ። አይ። አሰርኳት። እንደገና ፈታሁ። እራት አልበላ አለኝ። እማ "ወባ ይሆን?" ብላ ግንባሬን ነካች። የእኔም ቀስት ቀይ ላይ ሳትሆን አትቀርም።

በመጨረሻ አሰርኳት። እውነቱ ቢያስጠረጥርም እውነት ነው ብዬ። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገሩት ሽማግሎች ናቸው፤ ምን ነካኝ?

እሑድ

ጂፗ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ፊደሌ የተጣመመው በሞተሩ ነው።

ጠዋት ባለ ሆቴሉ ከቴፒ ተነስቻለሁ ብሎ ደወለ። ነስሩ ስልኩን ዘግቶ ጓዳ ገባ። ቁልፉን ከሚስማሩ አንስቼ ወጣሁ፤ ሣጥኗ እንድትታይ ጌጆቹ ያሉበትን ቆርቆሮ ፈታሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ቶሎ እንዲሞቅ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ደገፍኩበት። የጋሽ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር በድምፅ ማጉያው ይሰማል። የሙቀቷ ቀስት ተነሳች፣ ወጣች፣ ወጣች፣ መሃል ላይ ደረሰችና ቆመች። አሁንም እዚያው ናት።

አባባ ድምፁን ሰምተው ወጡ። በነጠላ ጫማ፣ ኮፍያቸውን ሳያደርጉ። መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም። የቤንዚኗን ቀስት ነው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ካቻቢቴያቸውን ዘረጋሁላቸው።

"ይህንን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። አባባ፣ ከመናገርዎ በፊት ያቺን የትንሿን ሣጥን ብሎን ይፍቷት።"

ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ምናልባት ካቻቢቴው በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ይሆናል። ብሎኗን አላልተው ሣጥኗን ከብረቱ ትንሽ አራቋት። ጠበቅን። ሁለቱም ቀስቶች እንደ ሽማግሌ ቀስ እያሉ ተነሱ። የቤንዚኑ ወደ ግማሽ። የሙቀቷ ወደ ቀይ። ሞተሩ ያው ነው፣ ቤንዚኑም ያው ነው፣ እኔም ካለሁበት አልተነቃነቅኩም።

"መልሰው ይሰሯት" አልኩ።

አሰሯት። ቀስቶቹ ወረዱ።

እንደገና ፈቱ። ወጡ። እንደገና አሰሩ። አሁንም እየፈቱና እያሰሩ ነው። የት እንደማይ ስለጠፋኝ ነው የምጽፈው። አንዴ ሣጥኗ ሥር የፋቅኩትን ብረት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጥፍሬን አዩ። ከዚያ አረንጓዴውን በር፣ አረንጓዴውን አግዳሚ፣ ባለ አረንጓዴ ጅራቷን ዶሮ።

ለራሳቸው "አልሞቀችም" አሉ። "ሞቃ አታውቅም።"

አሁን መፍታቱን ተዉ። የቤንዚኗን ቀስት ብቻ ነው የሚያዩት። ብዙ ቆዩ። ኮፍያ የሌለው ራሳቸው ትንሽ ነው፤ እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።  ዞር አሉ፤ የምጽፈውን አዩት።

"ሐያት።"

"አቤት፣ አባባ።"

"ያንን ተዪና ነስሩን ጥሪው።"