ከጣውንቴ ጋር ባህር ማዶ

ጥቅምት 4

የደንበኛ መጋረጃ ሳልጨርስ ዋልኩ። ጠዋት ክር አለቀ፣ ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ባለቤቴ ካርታውን ይዞ ስፌት ቤቴ ገባ። መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፤ ያውም በሰው ጨርቅ ላይ።

"እዚህ ወደብ ላይ መኪናዋን ከመርከብ እናወርዳታለን። ከዚያ በረሃው... ከዚያ ተራራው... ከዚያ ደግሞ ወዲያኛው ባህር!"

ጣቱ ካርታው ላይ ሲሄድ እያየሁ ደከመኝ። ገና ከቤት ሳልወጣ።

"መርፌ አለ፣ እጅህን" አልኩት። አልሰማኝም።

ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል ያለው ማነው? ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነዳ። አሁን ደግሞ በሰው አገር ከባህር እስከ ባህር ሊነዳ። እኔስ? እኔማ ጋቢና ተቀምጬ "ውይ፣ እንዴት ያምራል!" ልል።

ጥቅምት 9

ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ዛሬም በአጥሩ በኩል፦

"ጣውንትሽ እንዴት አደረች?"

"ደህና። ዘይት ጠጥታ ተኛች።"

"አንቺስ?"

"ለኔ ዘይት የሚቀይርልኝ ማን አለ ብለሽ!"

ጣውንት የምትላት መኪናዋን ነው። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ከመኝታ ቤታችን የሚረዝም፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። የባለቤቴ የድሮ አለቃ ሲሞት ልጆቹ ለብረት ሰብሳቢ ሊሰጧት ነበር። ለምኖ አመጣት። ያኔ ሞተሯ ውስጥ አይጥ ወልዳ ነበር። ስንት ዓመት ከሥሯ ተኝቶ እግሩ ብቻ ሲታየኝ ኖረ... አሁን ስትነሳ የኛ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ሆነው ሁሉ እንደሚሰሟት ትምላለች።

ጥቅምት 17

የወንበሯን ልብስ እየሰፋሁ ነው። ወፍራም ቆዳ፣ መርፌ ጨራሽ። ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

"ስፌቱ ቀጥ ይበል። የሰው አገር ሰው ያየዋል።"

"የሰው አገር ሰው መቀመጫችንን ምን አግብቶት ያያል?"

መሳቅ ፈለገ፣ ግን ኮራ ብሎ ወጣ። ሲወጣ ትከሻው ከበሩ ጋር ተጋጨ። ሐሳቡ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ጥቅምት 26

ዕቃ አስተላላፊው ደወለ። መርከቡ ላይ ቦታ ተይዟል፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ወደብ ትግባ አለ። ባትሪዋ ተነቅሎ፣ ነዳጇ ተንጠፍጥፎ ነው የምትጫነው። ባለቤቴ ይሄንን ለሰፈሩ ሁሉ ሲያስረዳ ዋለ፣ ልጁን እንደሚድር አባት።

ልጃችን ደወለች።

"እማዬ፣ ካልፈለግሽ ለምን አትነግሪውም?"

"ምን ብዬ?"

"ደክሞኛል በይዋ!"

"ደክሞኛል ስል እኮ ከተጋባን ጀምሮ ሲሰማ ነው የኖረው። ዘፈን መስሎታል።"

ኅዳር 11

ሳልጽፈው ልተኛ ነበር። ቢሆንም ልጻፈው።

መኪናዋን ልንሞክር ወጣን። በድሮው የአውቶቡስ መስመሩ ወሰደኝ። ሲነዳ እንደ ውሃ ነው፣ ይሄን ማንም አይክደውም። "እዚህ ጋ ተማሪዎች ከቀኝ ይወጣሉ" ብሎ ቀድሞ ያቀዘቅዛል፣ እውነትም ተማሪዎች ይወጣሉ። "እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ" ብሎ ሸሸት ይላል። መስኮቱን ከፍቼ ነፋስ ስቀበል... ለአፍታ እኔም ባህር ማዶ የሄድኩ መሰለኝ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል፤ ጥገና ነው አሉ። የትራፊክ ፖሊሱ ወደማናውቀው አዲስ መንገድ መለሰን። ወሬው ቆመ። መሪውን በሁለት እጁ ጨመደደው። "ምነው ዝም አልክ?" ልለው ስል ከቀኝ በኩል ጋሪ የሚገፋ ሰው መንገዱ ውስጥ ገባ። ጋሪው ላይ ፍራሽ ተከምሯል፣ ቀይ ፍራሽ፣ የቤት ቁመት የሚያህል። ያቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አያቆምም። ጠበቅሁ... አያቆምም።

"ቁም!"

ጎማዋ ጮኸ። ጋሪውን ለጥቂት ሳተችው። ሰውየው ኮፈኗን በመዳፉ መታው። "አባባ፣ ዓይን የለህም እንዴ?"

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ።

"ከየት መጣ?" አለኝ።

ከየትም አልመጣም። እዚያው ነበር።

ቤት ደረስን። ገብቶ መኪናዋን አጠባት። ንጹሕ ነበረች እኮ።

ኅዳር 12

የፍራሽ ክምር አላየም። እንዴት ነው የፍራሽ ክምር የማይታየው?

ኅዳር 14

ሻዩን በቀኙ በኩል አስቀመጥኩለት። ፊቱን ሳያዞር በመዳፉ ጠረጴዛውን ዳሰሰ፤ አጣው። ራቅ አድርጌ ወደ ግራው አዞርኩት፤ ያንንም ዳሰሰ። ፊት ለፊቱ ያለውን ግን ያያል። ጋዜጣ ያነባል! የበሩ ግጭት፣ በቀደም የሰበረው ብርጭቆ፣ ደረጃው ላይ የረገጠው የጎረቤት ድመት... እኔ ደግሞ "ሐሳቡ እሷ ላይ ነው" እላለሁ።

በሚያውቀው መንገድ ያልታየውን ልቡ ይሞላለታል። በማያውቀውስ ማን ይሞላለት?

አንድ ነገር ልጻፍና ልገላገል። ነገሩ እንደገባኝ መጀመሪያ የመጣልኝ "እሰይ፣ ጉዞው ቀረ" የሚል ነው። ትከሻዬ ቀለል አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 19

መንጃ ፈቃዱን ማደስ አለበት። የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል።

"ክሊኒኩ ውስጥ የድሮ ተሳፋሪዬ አለ። እኔን ካየኝ ይፈርማል።"

"አንተን ነው ወይስ ዓይንህን ነው የሚያየው?"

ጫማውን ማሰር ያዘ። የታሰረ ጫማ።

እንግዲህ ይሄው ነው። ዝም ካልኩ ይፈርሙለታል፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ በማናውቀው አገር፣ በማናውቀው መንገድ... የሰው ልጅ ብንገጭስ? ከተናገርኩ ደግሞ በሕይወቱ የቀረችውን አንዲት ነገር ከእጁ ነጠቅሁ ማለት ነው። ምነው ሌላ ሰው በነገረው!

ኅዳር 22

ነገርኩት። ቤት ውስጥ አቃተኝ፤ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠ ሄጄ ጋቢና ገባሁ።

"ጋሪውን አላየኸውም።"

ጨርቅ አነሳና መሪውን መጥረግ ያዘ።

"ሻዩንም አላየኸውም።"

"አውቃለሁ" አለ። መጥረጉን አላቋረጠም። "ካቻምና ነው የጀመረኝ። ከዳር ከዳር እንደ ጭጋግ..."

"ታዲያ ለኔ አትነግረኝም? ሚስትህ አይደለሁም?"

"ፈራኋ።"

"ምኑን?"

"ደስ ይልሻል ብዬ።"

አይ፣ ደስ አይለኝም ልበል? የወንበሩን ቆዳ ስዳብስ ቆየሁ። ከዚያ እጁን ያዝኩት። አልነጠቀኝም።

ኅዳር 27

የዓይን ሐኪሟ በዕድሜ ልጃችንን ታክላለች። ዓይኑ ውስጥ ግፊት አለ፤ የጎን እይታው ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቃለን አለች።

"መንዳትስ?" አላት።

መነፅሯን አወለቀች። "አባቴ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይንዳልዎት።"

"ማን?"

ወደኔ ዞር አለች። እኔ ወደ ግድግዳው።

ታኅሣሥ 6

መርከቡ ያለኛ ሄደ። መኪናዋን ሸራ አልብሷታል። ፀጉር ሠሪዋ እንኳ በአጥሩ በኩል "እንዴት አደራችሁ" ብቻ ብላ ገባች፣ ለቅሶ ቤት ይመስል።

የተመኘሁት እረፍት ይሄው መጣ። መጋረጃዬን እሰፋለሁ፣ ማንም ካርታ አይዘረጋብኝም። እሱ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ይነሳል። ይቀመጣል። እረፍት እንዲህ ይከብዳል እንዴ?

ታኅሣሥ 15

ገዢ አመጣ። ሳይነግረኝ። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው። ሸራውን ገፈፈና ዞሯት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ቁልፉን ተቀብሎ ገባ። ነዳጁን ይረግጣል፣ ይረግጣል... አልነሳ አለች። ቤንዚን አፈናት፤ ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። ባለቤቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ግድግዳ ያያል። ያ ሰውዬ አሁንም ይረግጣል።

"ኧረ በቃህ! ውረድ!" ያልኩት እኔ ነኝ። መቀስ እንደያዝኩ ነው የወጣሁት፤ ለዚህ ይሆናል ቶሎ የወረደው። "አትሸጥም።"

"ማን ሊነዳት?" አለ ባለቤቴ።

"እኔ።"

ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ፈነዳ። ለካ ፀጉር ሠሪዋ ከነደንበኞቿ ቆማለች። ብስክሌት እንኳ ነድቼ የማላውቅ ሴት!

እሱ አልሳቀም። አልተቆጣምም። ሸራውን አነሳና አጣጠፈው።

ጥር 8

መንጃ ትምህርት ቤት። አሠልጣኙ፦ "እማማ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ይርገጡት። በረሮ አይደለም።"

ግራ እግሬ ሞቷል። ወገቤም። ምን አባቴ ልሁን ብዬ ነው "እኔ" ያልኩት?

ጥር 23

ዕድሜውን የነዳ ሰው ማስተማር አይችልም፤ ዛሬ ገባኝ። በሰፈሩ ባዶ ሜዳ ላይ በጣውንቴ ልለማመድ ወጣን።

"ማርሽ መቼ ነው የምቀይረው?"

"ሲሰማሽ።"

"ምን ሲሰማኝ?"

"ሲሰማሽ ነዋ! አሁን... አሁን... ውይ! አለፈሽ!"

አምስቴ አጠፋኋት። መጨረሻ ላይ ተናደድኩና "የስፌት መኪናዬ ወፍራም ቆዳ ሲገባባት እንደምታቃስተው ነው?" አልኩት። አሰበበት። "እ... እሱን ነው።" ታዲያ ቀድሞ አይልም? እሱንማ ስሰማ ነው የኖርኩት። ዞርነው ሜዳውን። ሁለት ጊዜ ዞርነው!

የካቲት 21

ፈተናውን ወደቅሁ። ወደኋላ ስሄድ በርሜል ገጨሁ።

መጋቢት 12

አለፍኩ። ፀጉር ሠሪዋ "ጣውንትሽን ገራሻት!" ብላ እልል አለች። እኔ ተኛሁ።

መጋቢት 20

ስንነዳ መጣላት ብቻ። በሌለው ፍሬን ላይ እግሩን ይረግጣል። ደግሞ ከቀኝ ሰው ሲመጣ አያይም፣ ግን እንዳየ ሰው "አየሁት፣ አየሁት" ይላል። ውሸቱን ነው። ሰው ፊት ደግሞ "ወገቤን አሞኝ ነው እሷ የምትነዳው" አለ፣ ቤንዚን ማደያው ላይ። ሰማሁት። አለፍኩት። ዕቃ አስተላላፊው አዲስ መርከብ አግኝቷል። መንገዱንም አሳጠርነው፤ በረሃው ቀረ፣ በየቀኑ ጥቂት ነው የምንሄደው። እሱ ነው ጣቱን ከካርታው ያነሳው፣ እኔ ሳልጠይቀው።

ሚያዝያ 9

ወደቡ ድረስ ነዳሁ። እኔ። ትናንት ጠዋት ወጥተን ዛሬ ከሰዓት ደረስን። የጭነት መኪኖች ባጠገቤ ባለፉ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ፣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ።

በሩ ላይ ጥበቃው ጎንበስ አለና ሁለታችንንም አየን።

"ሹፌሩ ማነው?"

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ልማድ ነው። ከዚያ ዘጋው። ወገቤን ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"እሷ ናት" አለ። "ጎበዝ ናት። ፍሬን ላይ ትቸኩላለች እንጂ።"

ጥበቃው ሳቀ። "በሉ እናቴ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፉና ቀስ እያሉ ይግቡ።"

መሪውን ልጠመዝዝ ስል ክንዴን ነካኝ። ጥበቃው ገና አልሄደም፣ መስኮቱ ላይ እንደተደገፈ ነው።

"በቀኝ በኩል አይታየኝም" አለ፣ ጮክ ብሎ። "አንቺ እይልኝ።"

አየሁለት። ምንም የሚያሰጋ አልነበረም፣ ግን ነገርኩት፦ ገመድ የሚጠቀልል ሰው አለ፣ ዳር ላይ ነው። ከሱ ኋላ የተደረደሩ ኮንቴይነሮች። ከኮንቴይነሮቹ ኋላ ባህሩ።

"እሺ" አለ። "ንጂ።"

ነዳሁ።