ከአስፋልቱ ወዲህ ለቀረችው ወይን የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የወይን አካባቢዎች እውቅና ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊና ለክቡራን ቀማሾች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነታችሁ እጠይቃለሁ፤ በተለይ ለቅምሻ በመጣችሁ ዕለት በጎረቤታችን ሶፋ ላይ ሲያንኮራፉ የዋሉት ቀማሽ አንገታቸው እንደተሻላቸው ተስፋ አለኝ። ይህችን የከተማ ዳርቻ ሰፈር በወይን አብቃይነት ስላወቃችሁልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ዕድሜዬ ለማማረር ስላልደረሰ ማመስገን ብቻ ይፈቀድልኝ።

፩. ድንበሩን በአስፋልቱ መሐል ስላሰመራችሁ እናመሰግናለን። ማዶ ያሉት ወይኖች እውቅና አገኙ፣ የእኛ ወዲህ ቀረች። የማዶዎቹ በሙሉ አያቴ በየዓመቱ አሮጌዋን ወይናችንን ሲገርዙ ለጎረቤት ካደሉት ቅርንጫፍ የበቀሉ ናቸው። ካርታ ግን ዘመድ አያውቅም፤ አልፈርድበትም።

፪. ስለ ምላሳችሁም እናመሰግናለን። በቅምሻው ዕለት የወይን አብቃዮች ማኅበራችን ሊቀመንበር (ማኅተማቸው ከኪሳቸው ስለማይወጣ ጋሽ ማኅተም የምንላቸው የማዶ ጎረቤታችን) የጠመቁት ወይን ኮምጥጦባቸው፣ ላብ አጥምቋቸው ደጃችን ደረሱ። አያቴም «ክብሩ የሰፈር ነው፣ ምን ይለየናል» ብለው የራሳቸውን ሰጧቸው፤ ጠርሙሶቹን ያሻገርኳቸው እኔ ነኝ። እናንተም ጠጥታችሁ፣ ደግማችሁ፣ «የማዶው አፈር ልዩ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ። ጋሽ ማኅተም ከዚያ ወዲህ አያቴን ባዩ ቁጥር ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያስራሉ። ጫማቸው ክር የለውም።

፫. እውቅና ያላቸውን ከበሽታ ለመጠበቅ ሲባል በድንበሩ ጥግ ያለ እውቅና የሌለው ወይን ሁሉ እንዲነቀል አዛችኋል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እንስቅ ነበር፤ ልጆችን ከእናታቸው ለመጠበቅ እናትየዋን መንቀል ግን ተረት ሠሪዎቹም ያልደረሱበት ጥበብ ነው። ነቃዮቹ ሰኞ ይመጣሉ።

አያቴ ዘንድሮ አልገረዙም። መቀሱን ሳቀብላቸው «ለሬሳ ፀጉር ይስተካከላል እንዴ?» አሉኝና ወንበራቸውን ከመስኮቱ አዞሩ። ምግብ ሲቀርብላቸው «በልቻለሁ» ይላሉ፤ የበሉበትን ሳህን ያየ ግን የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት፦ እስክሪብቶው በእጃችሁ ስለሆነ፣ ከሰኞ በፊት መስመሩን አንድ ግቢ ያህል ወዲህ ገፋ አድርጉልን። አስፋልቱን እንዲነሣ አንጠይቅም፤ እሱ ከእናንተ በፊት የነበረ ትልቅ ሰው ነው።

ድንበሩን ላለመንካት እየተጠነቀቅሁ፣ ከወዲህኛው ጠርዝ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣችሁ፣
የባለ አሮጌዋ ወይን የልጅ ልጅ

ከላይ መጻፍ የዘነጋሁት፦ ለእውቅናው ድግስ ያንኑ የቀመሳችሁትን ወይን እንደምትፈልጉ ጋሽ ማኅተም ነግረውናል። የቀረው አንድ ጠርሙስ ሲሆን አያቴ ለቀብራቸው አስቀምጠውታል። አያያዛቸውን ሳየው ብዙ አትጠብቁም። ካርታችሁንም ደግሜ አየሁት፤ የሰፈራችን መቃብር ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ያን ዕለት አያቴም እውቅና ያገኛሉ።