የ1794ቱ ዱባ አባት

በሃያ አራት ዓመቷ ኑዛዜ የምትናዘዝ ሴት ምን ነክቷት ነው? እትዬ ቴልማ ዌንትዝልም ብዕር ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። በመጪው ማክሰኞ ሃሊፋክስ ከተማ ልቤ ተከፍቶ ይጠገናል። ሐኪሙ «ብዙዎች ይነሳሉ» አለኝ እንጂ «ሁሉም» አላለኝም። እኔ ለመነሳት አስቤአለሁ፤ ገና ያልሞከርኩት ብዙ ነገር አለ። የዱባ ዘር ግን አይጠብቀኝም፤ ወሩ ሳያልቅ አፈር መግባት አለበት።

ስለዚህ እኔ ሮና ቬይኖት፣ የሉነንበርግ አውራጃ ነዋሪ፣ በእርሻ ትምህርት አምና የተመረቅሁ፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2019 ልቤ ቢታመምም አእምሮዬ ሳይታመም፣ ማንም ሳይጎተጉተኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። እትዬ ቴልማ ይጽፋሉ፤ እሳቸው፣ አቶ ባዝል ኮርከምና ጋሽ ኦሪን ዝዊከር በምስክርነት ተቀምጠዋል። በመካከል የሚነገረውም ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ፤ አንድ ጊዜ ያልሆነውን ጽፌ ብዙ ጥፋት አድርሻለሁና።

መኪናዬና ዱባ የማፈላበት የላስቲክ ቤቴ ለወንድሜ ለጋርኔት ይሁኑ። «ዱባሽን ለአሳማ ስጪው» እያለ ሲያሾፍብኝ ቢኖርም፣ አባታችን በሞተ ሰሞን በረዶውን ከላስቲኩ ላይ የጠረገልኝ እሱ ነው። የአፈር ማሞቂያውን ሽቦ ግን እንዳይነካ፤ አምና ቡችላ አሙቆበታል።

ወደ ዋናው ልግባ። ዘር መምረጥ ያስተማሩኝ ጋሽ ኦሪን ናቸው። «የዘሩ ፖስታ ላይ በተጻፈው ክብደት አትታለዪ፤ እናቱን ጠይቂ፣ አባቱን ጠይቂ፣ ከሁሉ በላይ ወንድሞቹ ምን እንደሆኑ ጠይቂ» ይሉኝ ነበር። በ2016 ከማሳቸው የወጣው ዱባ በውድድር 1794 ፓውንድ፣ ስምንት ኩንታል ያህል፣ መዘነ። ዘሩም እንደ ዱባ ተወዳዳሪዎች ልማዳችን በክብደቱ፣ በአብቃዩና በዓመቱ «1794 ዝዊከር 2016» ተብሎ ስልሳ ሦስት አብቃዮች እጅ ገባ። በየፖስታው ላይ የእናቱም የአባቱም ስም አለ። አባቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።

በዚያ ዓመት በጁላይ ጋሽ ኦሪን ለእኅታቸው ቀብር ሲሄዱ፣ ሴቴዋን አበባ ሳትፈነዳ በዋዜማው አፏን እንዳስር፣ ሲነጋም እሳቸው በመረጡት ወንዴ እንዳዳቅላት አደራ ሰጡኝ። ማሰሩን ረሳሁ። ጠዋት ስደርስ አበባዋ ተከፍታለች፣ ንብ ውስጧ ይርመሰመሳል። ንቡን አባረርኩ፣ ወንዴውን አሸሁባት፣ አፏን አሰርኩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጌ ጻፍኩ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ ያ ንብ ግን የማንን ጓሮ ቅል የአበባ ዱቄት ተሸክሞ እንደመጣ እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ዘር በሁለት ዓመት ውስጥ የበቀለው ገሚሱ አረንጓዴ ሆነ፣ ገሚሱ ተሰነጠቀ፤ ሁለቱም ከውድድር ያስወጣል። ጋሽ ኦሪን «አፈሬ ነው የከዳኝ» ብለው በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው የማሳቸውን አፈር በአካፋ ዝቀው አወጡት። እኔም ጋሪ እየገፋሁ ዝም አልኩ። ዘንድሮ «የመጨረሻዬ ነው» ብለው ያንኑ ዘር ሊተክሉ ነው። ዝም ብዬ ሐኪም ቤት መግባት አልቻልኩም።

«ያ ሁሉ አፈር?» አሉ ጋሽ ኦሪን።

«አዎ።»

«ወገቤን በመቀነት ታስሬ? አንቺ ደግሞ ‹ጋሽዬ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ› እያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ይሄም ይጻፋል?» አሉ አቶ ባዝል።

«ዝም በል ባዝል፤ ያንተም ይጻፋል» አሉ እትዬ ቴልማ።

ጋሽ ኦሪን ባርኔጣቸውን አንስተው የበሩን እጀታ ያዙ። «ስልሳ ሦስት ሰው! ሁሉም የሚያምነው በኔ ስም!»

«ጋሽ ኦሪን፣ አልጨረስኩም።»

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

የቀረኝ ይህ ነው። ጋሽ ኦሪን ስመረቅ ከሰጡኝ አምስት የ«1426 ዝዊከር 2014» ዘሮች ውስጥ፣ ማለት የ1794ቱ ዱባ እናት ከበቀለችበት የዘር ዓይነት፣ በጣቴ ስዳስሳቸው ሁለቱ ጠርዛቸው ተሰንጥቋል፣ አንዱ ሆዱ ባዶ ነው። ሁለቱ ሙሉ ናቸው። የአባታቸውን ስም የጻፉት ጋሽ ኦሪን በገዛ እጃቸው ስለሆነ እውነት ነው። እነዚህን ሁለቱን ለእሳቸው አውርሻለሁ፤ ዛሬውኑ ይውሰዱ። ብነሳም መልሼ አልጠይቅም።

እትዬ ቴልማ ብዕራቸውን አቆሙ። «ኦሪን፣ ወራሽ ምስክር አይሆንም። ወይ ዘሩን ውሰድ፣ ወይ ፈርም።»

«እኔ እኮ ልመሰክርባት ነው የምፈልገው!»

«እንግዲያው ፈርም።»

ጋሽ ኦሪን ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ፤ እኔን አላዩኝም። ሁለቱን ዘሮች ተራ በተራ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ «ብዕሩን አምጪ፣ ቴልማ» ብለው ከምስክሮቹ ዝርዝር ስማቸውን ሰረዙ። «አሁን ደግሞ ለስልሳ ሦስቱም ጻፊ። በኔ ስም የሄደ ውሸት በኔ ስም ይመለሳል።»

በቃላቸው መሠረት የሚከተለው ተጨምሯል። «1794 ዝዊከር 2016» የሚል ፖስታ ያላችሁ ሁሉ፣ የአባቱን ስም ሰርዛችሁ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያ ዘር ምን እንደበቀለላችሁ፣ መልኩን፣ ክብደቱን፣ መሰንጠቁን ሳትደብቁ በጋሽ ኦሪን አድራሻ ጻፉልን። ከተነሳሁ አብረን እናነበዋለን፤ ካልተነሳሁም እሳቸው ያነቡታል። እባካችሁ መልሱልን።

ተናዛዥ፦ ሮና ቬይኖት (ፊርማ)
ምስክር፦ ቴልማ ዌንትዝል (ፊርማ)
ምስክር፦ ባዝል ኮርከም (ፊርማ)
ምስክር፦ ኦሪን ዝዊከር፣ በገዛ እጃቸው የተሰረዘ